የወለተ ማርያም ስለትና የእኔ ማኅተም

ጥር ላይ ነበር ልበል? የካቲትም ሊሆን ይችላል። ከአሁኑ ልንገርህ ወዳጄ፣ ተሳስቼ ይሆናል። ጋሽ ደምሴ ያን ቀን የለበሱት ካፖርት ጥቁር ነው እያልኩ ሳወራ ኖሬ፣ በቅርቡ በፀሐይ ሳየው ጥቁር ሰማያዊ ሆኖ አረፈው። በካፖርት የተሳሳተ ሰው በሌላውም ሊሳሳት ይችላል። ብቻ የማስታውሰውን ልንገርህ። የጎደለ ካለ ጋሽ ደምሴ ይሙሉበት፤ እሳቸው ደግሞ መሙላት አይሰለቻቸውም።

እኔ ተጠራጣሪ ነኝ። ሰውን ሳይሆን ራሴን። ጄኔቭ ውስጥ ሌዛቫንሼ በሚባለው ሰፈር ከሚገኘው ቤቴ ወጥቼ፣ ሊፍቱን ጠብቄ፣ መሬት ከወረድኩ በኋላ "በሩን ቆልፌዋለሁ?" እልና እመለሳለሁ። ሁልጊዜ ተቆልፎ አገኘዋለሁ። አንድ ቀን ተከፍቶ ባገኘው ምናልባት ደስ ይለኝ ነበር፤ ቢያንስ መመለሴ በከንቱ አይሆንም። ሥራዬም ይህንኑ አመሌን የሚያባብስ ነው። ቤተ ሙከራ ውስጥ የመድኃኒት ናሙና እመዝናለሁ። መዝነህ ትጽፋለህ፤ ከዚያ ያንኑ እንደገና ትመዝናለህ። ሁለቱ ከተለያዩ ሦስተኛ ትመዝናለህ። ለዚህ ደመወዝ የሚከፍል አገር ውስጥ መኖሬን አንዳንዴ ማመን ያቅተኛል።

የቤተ ክርስቲያናችን ጸሐፊ የሆንኩትም በዚሁ አመሌ ነው። ኦ ቪቭ በሚባለው ሰፈር ከአንድ የሰፈሩ ሰበካ በኪራይ የምንገለገልበት ቤተ ክርስቲያን አለን። ስልሳ ሰው ብንሆን ነው። በዓመታዊው ስብሰባ ላይ እጄን አወጣሁና፣ ያለፈው ዓመት ቃለ ጉባኤ ጸድቋል ወይ ብዬ ጠየቅኩ። ሰው ሁሉ ዞር ብሎ አየኝ። እኛ ዘንድ ጥያቄ የጠየቀ ሰው መልስ አያገኝም፤ ሹመት ያገኛል። የቀድሞው ጸሐፊ ሳምሶን ለሥራ ወደ ዙሪክ ሊዛወር ነበርና በዚያው ሰዓት መዝገቡንና ማኅተሙን አስረከበኝ። በጣም ቀልጠፍ ብሎ ነው ያስረከበኝ። ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ።

ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል። እኔ የተሾምኩበት ቦታ ግን የሚበላ ነገር የለውም፤ ከቅዳሴ በኋላ የምትቆረሰውን ዳቦ ካልቆጠርክ። ሥራው ዓመት ሲዞር ነው የሚከብደው። እዚህ አገር ሰው ገቢውን ራሱ ሞልቶ ለግብር ቢሮ ይልካል። ዴክላራሲዮን ይሉታል። ለበጎ አድራጎት የሰጠኸውን ጽፈህ፣ ማስረጃ ካያያዝክ ደግሞ ግብሩ ቀነስ ይልልሃል። ስለዚህ በየዓመቱ ጥር ላይ ምእመናኑ ወደ ጸሐፊው ይመጣሉ። "የኔን ወረቀት ጻፍልኝ" ይላሉ። ጸሐፊው መዝገቡን ያያል፣ ይጽፋል፣ ማኅተም ይመታል። ቀላል ይመስላል አይደል?

ይህ አገር በሰው ማመኑ አንዳንዴ ያስጨንቀኛል። ዮናታን የሚባል የአክስቴ ልጅ ዙሪክ አለ። አንድ ጊዜ ከከተማው ወጣ ብለን ስንሄድ፣ መንገድ ዳር አንድ ገበሬ እንቁላልና ድንች ጠረጴዛ ላይ ደርድሮ፣ አጠገቡ ትንሽ ቆርቆሮ አስቀምጦ ሄዷል። ሻጭ የለም። ጠባቂ የለም። ቆርቆሮው ላይ እንቁላሉ አራት ፍራንክ ነው ይላል። እኔ አምስት ነበረኝ። አምስቷን ከተትኩና ቆምኩ። ዮናታን ምን ትጠብቃለህ አለኝ። መልስ አልኩት። ከማን? እውነቱን ነው፤ ከማን? ቆርቆሮውን ከፍቼ አንድ ፍራንክ ባወጣ የሚያየኝ ሰው ሌባ ይለኛል፤ የማያየኝም አይኖርም። አንድ ፍራንኬን ትቼ ሄድኩ። ሰው ሳያይህ ታማኝ መሆን ይቻላል። ሰው ሳያይህ መልስ መውሰድ ግን አልቻልኩበትም።

ይኸው ዮናታን ጴንጤ ነው። የእነሱ ጉባኤ ከእኛም ያነሰ ነው። ዐሥራቱን ግን ባንኩ በየወሩ በራሱ ይልክለታል። ዳወርአውፍትራግ ይለዋል በጀርመንኛው። አንዴ ታዛለህ፣ ከዚያ አንተ ብትረሳም ባንኩ አይረሳም። በእኛ ይስቃል። "እናንተ በፖስታ፣ በፖስታውም ላይ በክርስትና ስም። መንግሥት እንዴት ያግኛችሁ?" ይላል።

ቀልዱ ግን እውነት አለው። እኛ ዘንድ ሰው መባውንም ስለቱንም የሚሰጠው በክርስትና ስሙ ነው። ለጸሎት የሚጠራው ያ ነዋ። እግዚአብሔር ዘንድ የሚታወቀውም በዚያ ነው ብለን እናምናለን። ፓስፖርቱ ላይ ያለውን ስም ለኢሚግሬሽን ቢሮ ትተንለታል። ስለዚህ መዝገባችንን ስትከፍት ኃይለ ሚካኤል፣ ገብረ መድኅን፣ ወለተ ማርያም፣ ወለተ ማርያም፣ ወለተ ማርያም ይላል። የትኛዋ ወለተ ማርያም? እኛ ዘንድ አራት አሉ። መልአኩ ይለያቸው ይሆናል። የጄኔቭ ግብር ቢሮ ግን አንዷንም አያውቃት።

እኔ ታዲያ ሥርዓት አወጣሁ። ወረቀት የሚጻፈው በፓስፖርት ስም ብቻ ነው። መዝገብ ላይ የሌለ ገንዘብ አይጻፍም። ያለፈ ዓመት በዘንድሮ አይጻፍም። ሦስቱን አትሜ በሩ ላይ ለጠፍኩ። ሰው አልተቆጣም፤ ምክንያቱም አላነበበውም።

ከዚያ አራቱን ወለተ ማርያሞች አንድ በአንድ እየደወልኩ "እርስዎ ስንት ሰጡ?" ማለት ጀመርኩ። አንዷ ከሰጡት አሳንሰው ነገሩኝ፤ ውዳሴ ከንቱ እንዳይሆንባቸው። ሁለተኛዋ ቀኝህ የሚሰጠውን ግራህ አይወቅ ተብሏል አሉኝ። እኔ ግራ እጅ መሆኔ ነው። ሦስተኛዋ የእሳቸውን ለባላቸው እንዳልነግር አስማሉኝ። ይህን ሁሉ ካየሁ በኋላ፣ ከሰጠው በላይ ጻፍልኝ የሚል ሰው ከእኛ መካከል አይገኝም ብዬ ደመደምኩ። ቶሎ መደምደም አልወድም ነበር። ያን ጊዜ ግን ደመደምኩ።

እንግዲህ ጋሽ ደምሴ የመጡት በዚህ መሃል ነው።

ጋሽ ደምሴን ላስተዋውቅህ። ጡረታ ወጥተዋል። ጄኔቭ ሲኖሩ ሠላሳ ዓመት ያልፋቸዋል። የቤተ ክርስቲያኑ ቁልፍ እሳቸው ጋ ነው። እሑድ ጠዋት ከሁሉ ቀድመው ይከፍታሉ፤ ሁሉ ከሄደ በኋላ ይዘጋሉ። ቄሳችን ዘግይተው ቢመጡ "ዛሬ ትራሙ አማትቦ ነው የተነሳው?" ብለው የሚቀልዱባቸው እሳቸው ብቻ ናቸው። ከቅዳሴ በኋላ ወንበር ስንደራርብ ጠጋ አሉኝና፣ የወለተ ማርያምን ወረቀት ጻፍልኝ አሉኝ። የስለት፣ አንድ ሺህ ፍራንክ። የዘንድሮ ቀን ይሁንበት።

መዝገቡን ገለጥኩ። በዚያ ዓመት አንድ ሺህ ፍራንክ የሰጠች ወለተ ማርያም የለችም። እንደገና ገለጥኩ። የለችም። የማን ስም እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ወለተ ማርያም በል፣ ሌላ ስም አያስፈልገውም አሉኝ። ለምን እንደሚፈልጉት ጠየቅኳቸው። የቤት ጉዳይ ነው አሉ። ሳምሶን እኮ ሳይጠይቀኝ ነበር የሚጽፍልኝ አሉ።

ወዳጄ፣ አንተ ብትሆን ምን ትላለህ? ስሙ ፓስፖርት ላይ የለም። ገንዘቡ መዝገብ ላይ የለም። ቀኑ እንዲለወጥ ተፈልጓል። ሦስቱም ሥርዓቶቼ በአንድ ሰው ተጣሱ። ጠርጥር፣ ከገንፎም አለ ስንጥር። አልጽፍም አልኩ። ለስለስ አድርጌ ነው ያልኩት፤ ቢያንስ ለስለስ ያለ መስሎኝ ነበር።

ጋሽ ደምሴ የያዙትን ወንበር አስቀመጡ።

"ሌባ ነዎት እያልከኝ ነው?"

"ኧረ እንደሱ አላልኩም ጋሽዬ። መዝገብ ላይ የለም ነው ያልኩት።"

"አንተ ዘንድ ሰው ማለት መዝገብ ላይ ያለ ነው?"

ወንበራቸውን አንስቼ ደረደርኩት። አሁን ሁለት ሦስት መልስ ይመጣልኛል። የእኔ መልስ ሁልጊዜ ትራም ከሄደ በኋላ ነው የሚደርሰው።

እዚህ ላይ ባቆም ጥሩ ነበር። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። እኔ ግን በሚቀጥለው የሰበካ ጉባኤ ስብሰባ ላይ ነገሩን አነሳሁ። ስም አልጠራሁም። "አንድ ምእመን" ነው ያልኩት። አንድ ምእመን፣ መዝገብ ላይ የሌለ አንድ ሺህ ፍራንክ፣ በወለተ ማርያም ስም። ስልሳ ሰው ባለበት ማኅበር "አንድ ምእመን" ማለት በድምፅ ማጉያ ስም ከመጥራት በምን እንደሚያንስ ንገረኝ። እሑድ ሲመጣ አራቱም ወለተ ማርያሞች ተኮሳትረውብኝ ነበር። ጋሽ ደምሴ ደግሞ አልመጡም።

ቁልፉ በፖስታ ተልኮ ነው የመጣው። ውስጡ ምንም የተጻፈ ነገር የለም። ቁልፍ ብቻ። ፖስታው ላይ ግን "ለጸሐፊው" ይላል።

በሁለተኛውም እሑድ አልመጡም። በሦስተኛውም። በሩን እኔ ነበርኩ የምከፍተው፤ ከፍቼም መክፈቴን ለማረጋገጥ ተመልሼ እነካው ነበር። አንዳንዱ እኔን ደገፈ፤ ዘመኑ የሕግ ነው አለ። አንዳንዱ ዓይኔን ላለማየት ጫማውን ያያል። ጉባኤው በመጨረሻ ወሰነ። ሳምሶንን ጠይቅ፤ ያገኘኸውን በሚቀጥለው ስብሰባ በምእመናኑ ፊት አንብብ ተባልኩ። ይታይህ። ወይ የሠላሳ ዓመት አገልጋይን በአደባባይ አጭበርባሪ ልል ነው፣ ወይ ራሴን። እንቅልፍ በማጣት ሁለቱንም ስብሰባዎች ደጋግሜ ተሰብስቤያቸዋለሁ።

ቅዳሜ ዙሪክ ሄድኩ። ሳምሶን ትራም ነጂ ሆኗል። የትራሙ መጨረሻ ፌርማታ ላይ ተገናኘን። አሥራ ሰባት ደቂቃ ፓውዘ፣ ማለትም ዕረፍት፣ አለኝ አለ። አሥራ ሰባት። በዚያች ሰዓት ዙሪክን ወደድኳት። ቡናችንን በወረቀት ኩባያ ይዘን ቆምን፤ ከመጀመሪያው ጀምሬ፣ ምንም ሳልዘል ነገርኩት። ምንም ሳልዘል ስነግረው ዘጠኝ ደቂቃ አለቀ።

ሳምሶን አንገቱን ነቀነቀ። ስለቱ ተሰጥቷል አለ። ከሰባት ዓመት በፊት ነው፣ በጥሬ ገንዘብ ነው፣ እኔው ነኝ የተቀበልኩት፤ የድሮው መዝገብ ላይ ፈልገው አለ። እፎይ አልኩ። ቀጥሎ ግን፣ ላለፉት አራት ዓመታት በየዓመቱ ጥር አዲስ ቀን እየጻፍኩበት ሰጥቻቸዋለሁ አለኝ።

"አንዱን ስለት? አራት ጊዜ?"

"አራት ጊዜ።"

"ሳምሶን፣ ይሄ እኮ ወንጀል ነው።"

"እሱን አላውቅም" አለ። "ለምን እንደሆነ ነግረውኛል። ከእኔ አፍ ግን አትሰማውም፣ ቃል ሰጥቻለሁ። ረቡዕ ከሰዓት ካሩዥ ሂድ።" ጄኔቭ ዳር ያለ የአረጋውያን መኖሪያ አድራሻ በስልኬ ላከልኝ። ከዚያ ሰዓቱን አየና ወደ ትራሙ ወጣ። በሩ ከመዘጋቱ በፊት፣ ማኅተሙን ይዘህ ሂድ አለኝ። ማኅተሙ ሁልጊዜ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ምን መሰልኩት?

ወደ ጄኔቭ ስመለስ ባቡር ላይ ለጉባኤው የሚነበበውን ሪፖርት ረቂቅ ጻፍኩ። ያው እንደ ናሙናው ሁለት ጊዜ ጻፍኩት። በአንደኛው "ስህተት ተፈጽሟል" አልኩ። በሁለተኛው "ማጭበርበር ተፈጽሟል"። ሎዛን ስንደርስ ሁለተኛው ትክክል መሰለኝ። ይህን አሁን ስነግርህ አፍራለሁ፤ ግን ሎዛን ላይ እንደዚያ ነበር የመሰለኝ።

ረቡዕ ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ካሩዥ ሄድኩ። ጋሽ ደምሴ በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ሳምሶን ደውሎላቸዋል። ሰላምታ ሰጠኋቸው፤ በአገጫቸው መለሱልኝ። ና ብለው ወደ ሁለተኛ ፎቅ ወሰዱኝ።

መስኮት አጠገብ አንዲት ሴት ተቀምጠዋል። ነጠላቸው በሥርዓት ተጣጥፎ ትከሻቸው ላይ ነው። መነጽራቸው በክር አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል። የጋሽ ደምሴ ባለቤት እትዬ ሙሉ ናቸው። እኔ ወደዚህ ማኅበር ስመጣ እሳቸው ቤተ ክርስቲያን መምጣት አቁመው ስለነበር አይቻቸው አላውቅም። አሟቸዋል ሲባል ብቻ እሰማ ነበር። ክርስትና ስማቸው ደግሞ ወለተ ማርያም ነው። አምስተኛዋ። እኔ አራት ነበር የቆጠርኩት።

ጋሽ ደምሴ ከቤተ ክርስቲያን የመጣ ጸሐፊ ነው አሏቸው። እትዬ ሙሉ ቀና አሉ። መነጽራቸውን አደረጉ። ከጫማዬ ጀምረው አዩኝ።

"ስለቴ ገብቷል?"

አንድ ሰው እንደዚያ ሲጠይቅ ሰምቼ አላውቅም። ቁጣም አይደለም፣ ልመናም አይደለም። ውጤት እንደሚጠብቅ ተማሪ ነው። ጋሽ ደምሴ ከደረት ኪሳቸው የታጠፈ ወረቀት አወጡ። በእጥፋቱ በኩል ሳስቷል። ሰጧቸው። እትዬ ሙሉ ከላይ እስከ ታች አነበቡት፤ ቀኑ ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ።

"ይሄ ያለፈው ዓመት ነው። የዘንድሮውስ? ልጄን እመቤታችን አትርፋልኝ፣ እኔ ባለዕዳ ሆኜ ልቅር?"

ጋሽ ደምሴ ወደ ኮሪደሩ ወሰዱኝና ነገሩኝ። ልጃቸው ሃና ከሰባት ዓመት በፊት በጠና ታማ ነበር። ያኔ ነው እትዬ ሙሉ የተሳሉት። ልጅቷ ዳነች፣ ስለቱ ገባ፣ ነገሩ አለቀ። ከዚያ እትዬ ሙሉ መርሳት ጀመሩ። ብዙ ነገር ጠፋባቸው። የቤታቸውን አድራሻ፣ ሃና ማግባቷን፣ ፈረንሳይኛውን። መሳላቸው ግን አልጠፋም። የጠፋው መክፈላቸው ነው። በየቀኑ ይጠይቃሉ። አንዳንድ ቀን ያለቅሳሉ፤ ስለቱ ካልተከፈለ ሃና ተመልሳ የምትታመም ይመስላቸዋል።

ከፍለሻል ቢሏቸውስ? ስል ጠየቅኩ።

"'አንተማ ባሌ ነህ፣ ምን ትላለህ' ትለኛለች" አሉ ጋሽ ደምሴ። "ቄሳችን ራሳቸው፣ ለማንም እንዳይናገሩ ቃል አስገብቻቸው፣ መጥተው ነገሯት። 'በቃል ነው?' አለቻቸው።"

እትዬ ሙሉ አዲስ አበባ ሳሉ ሃያ ስድስት ዓመት መዝገብ ቤት ነው የሠሩት። የሚያምኑት ወረቀት ነው። እሱም ማኅተም ያለበት ከሆነ። እሱም የዘንድሮ ከሆነ። ዓመቱን ያያሉ፤ ካላረጀ ያርፋሉ።

ታዲያ ለምን አልነገሩኝም? አልኳቸው። ድምፄ ትንሽ ከፍ ሳይል አልቀረም።

"ወንበር ስንሸከም ልንገርህ? ሚስቴ ራሷን እየረሳች ነው ብዬ?" አሉ። "እሷ እኮ ሰው ሲያዝንላት የምትወድ ሴት አይደለችም። ሰው በመርሳቷ ከሚያውቃት፣ እኔን ሌባ ቢለኝ ይሻላል ብዬ ነው።"

ቦርሳዬ ውስጥ ሁለቱ ረቂቆች ነበሩ። ሎዛን ላይ ትክክል የመሰለኝም አብሮ ነበር።

አሁን ታዲያ ቶሎ ጻፍኩላቸው ብልህ ደስ ይልሃል። አልጻፍኩም። "በዘንድሮ ዓመት አንድ ሺህ ፍራንክ ተቀብለናል" ብሎ መጻፍ ውሸት ነው። ለታመመ ሰው ቢሆንም ውሸት ነው። እዚያ የጎብኚዎች ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ አድርጌ፣ ሃያ ደቂቃ ያህል አሰብኩ። ጋሽ ደምሴ አልቸኮሉም። ሠላሳ ዓመት በር ሲከፍቱ የኖሩ ሰው መጠበቅ ያውቃሉ። በመጨረሻ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ ወለተ ማርያም ለእመቤታችን የተሳሉትን አንድ ሺህ ፍራንክ በሙሉ መክፈላቸውን፣ እስከ ዛሬ ቀን ድረስም ምንም ቀሪ እንደሌለባቸው እናረጋግጣለን። የዕለቱን ቀን ጻፍኩ። ፈረምኩ። ማኅተሙን መታሁ። ከዙሪክ እንደተመለስኩ የድሮውን መዝገብ ገልጬ ስለቱን አግኝቼዋለሁና፣ እያንዳንዷ ቃል እውነት ናት። ሁለት ጊዜ መዝኛታለሁ።

እትዬ ሙሉ ወረቀቱን ተቀብለው አነበቡ። ከዚያ መለሱልኝ።

"ቁጥሩ የታል?"

"ምን ቁጥር?"

"የወጪ ቁጥር ነዋ ልጄ። ቁጥር የሌለው ደብዳቤ ምን ደብዳቤ ይባላል?"

እውነታቸውን ነው። እኔ፣ በር ለማረጋገጥ በሊፍት የምመላለሰው ሰው፣ የወጪ ቁጥር ረስቻለሁ። ጻፍኩ። ግልባጭ ለማን ነው? አሉኝ። ለጋሽ ደምሴ ብዬ ልጽፍ ስል እጄን ያዙኝ። በደብዳቤ ላይ ጋሽ አይባልም፣ አቶ በል አሉኝ። አቶ አልኩ። ከዚያ ወረቀቱን አራት ላይ አጠፉት፣ ነጠላቸው ሥር አስገቡት፣ "ተመስገን" አሉ። ፊታቸው ሲለወጥ አየሁ። እንዴት እንደተለወጠ ልግለጽልህ ብሞክር እሳሳታለሁ፤ ስለዚህ አልሞክርም። ወደ ባላቸው ዞር ብለው ግን፣ ልጁ ጥሩ ነው፣ ብቻ ሥልጠና ይጎድለዋል ሲሉ ሰማኋቸው።

ወደ ትራሙ አብረን ወጣን። ይቅርታ ጠየቅኳቸው። አንዴ ጠየቅኳቸው፤ በትክክል የጠየቅኳቸው አልመሰለኝም፤ እንደገና ጠየቅኳቸው። በሦስተኛው፣ በቃ ገብቷል፣ ወረቀት ልጻፍልህ? አሉኝ።

ያን ጊዜም አመሌ አልለቀቀኝም። የግብሩ ነገር እየከነከነኝ ነበር። አራት ዓመት፣ አራት ወረቀት፣ አንድ ስለት። ጋሽዬ፣ እነዚያን ወረቀቶች ለግብር ቢሮ አያይዘዋቸው ያውቃሉ? አልኳቸው። መጀመሪያ አልገባቸውም። ሲገባቸው ቆም አሉ።

"ለእመቤታችን የሰጠችውን እኔ ከጄኔቭ መንግሥት ላስመልስ? ዴክላራሲዮኔን የምትሞላው ሃና ናት። እነዚህን ወረቀቶች አይታቸውም አታውቅ።"

በሚቀጥለው ስብሰባ ቆምኩና፣ የድሮው መዝገብ ትክክል ነው፣ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፣ ከዚህ በላይ አልናገርም አልኩ። ሰው ዝርዝሩን ለማወቅ ጓጓ። አንዱ ቢያንስ ፍንጭ ስጠን አለኝ። ቃለ ጉባኤው ላይ "ጸሐፊው ተሳስቷል" ብላችሁ ጻፉ አልኳቸው፤ ጸሐፊው ራሴ ስለሆንኩ ራሴ ጻፍኩት። በፊርማም አጸደቅኩት። ቁልፉን ጋሽ ደምሴ ቤት ወስጄ ሰጠኋቸው። እሑድ ስመጣ በሩ ተከፍቶ አገኘሁት። አልነካሁትም።

እዚህ ላይ ቢያልቅ ደስ ይለኝ ነበር። ግን አንተም እስካሁን አውቀኸኛል። እንደዚያ ዓይነት "ቀሪ የለባቸውም" የሚል ወረቀት አንድ ቀን ችግር ቢያመጣስ? ብዬ ግብር ቢሮ ደወልኩ። ስልኩን ያነሳችው ሴት ትዕግሥተኛ ነበረች። ጉዳዩን ካስረዳኋት በኋላ፣ ማኅበራችሁ ሥራው ምንድን ነው? አለችኝ። ጸሎት፣ ቅዳሴ አልኳት። ድሆችን የሚረዳ ክፍል አለው ወይ? አለች። አሳብ አለን፣ ገና ነው አልኳት። እንግዲያው ለአምልኮ ብቻ የሚሰጥ ስጦታ ከግብር አይቀነስም አለችኝ። አይቀነስም? አይቀነስም። ትንሽም? ትንሽም። ሦስት ጊዜ ጠየቅኩ፤ ሦስት ጊዜ በአንድ ዓይነት ድምፅ መለሰችልኝ። ለቤተ ሙከራ የምትሆን ሴት ናት።

ስልኩን ዘጋሁና የራሴን ፋይል አወጣሁ። ሳምሶን በየዓመቱ የጻፈልኝ ወረቀት አለ። በፓስፖርት ስሜ ነው። ሳንቲሙ ሳይቀር ልክ ነው። በቀለም የተለየ፣ በቁጥር የተደረደረ። ሁሉንም በየዓመቱ ከግብሬ ቀንሼበታለሁ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚሉት እኔን ነው። ጋሽ ደምሴን ለመያዝ ዙሪክ ድረስ ሄድኩ፤ ከሁለታችን ከመንግሥት ያልተገባ ነገር የወሰድኩት ግን እኔው ሆኜ ተገኘሁ።

እሑድ ለምእመናኑ ነገርኩ። ጥቂቶች አጉረመረሙ። ቀኝና ግራ እጅ ያሉኝ ወለተ ማርያም ብቻ፣ ድሮም ነግሬህ ነበር በሚል ዓይን አዩኝ። እኔ በበኩሌ መልሼ ደወልኩ። ያችው ሴት ነበረች። ድምፄን ሳታውቀው አልቀረችም። ራስህን በራስህ ማሳወቅ ትችላለህ አለችኝ። ቢሮው ሳይደርስበት ቀድመህ ከጻፍክ፣ የቀረውን ግብር ከነወለዱ ትከፍላለህ እንጂ አትቀጣም። ግን ይህ የሚሆነው የመጀመሪያው ከሆነ ነው፤ ለሁለተኛ ጊዜ ከመጣህ ቅጣቱ ይቀንስልሃል እንጂ አይቀርልህም አለችኝ። ይህን ለቄሳችን ብነግራቸው በጣም ሳቁ። እኛስ ሰባ ጊዜ ሰባት ነው የተባልነው፣ አንድ ጊዜ ብቻ የሚል ይቅርታማ የለም፣ ተሳስተህ ሰምተህ ይሆናል አሉኝ።

እኔም ተሳስቼ ይሆናል ብዬ ሕጉን ራሱን አውጥቼ አነበብኩት። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አልተሳሳትኩም፤ ያለ ቅጣት የሚታለፈው በዕድሜ ልክ አንድ ጊዜ ብቻ ነው።